ለእትዬ ዘነበች ያልነገርኳት

እትዬ ዘነበች መሞቷን የሰማሁት ከእድር ጥሩንባ ነፊው አፍ ነው። ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ ጥሩንባው ከላይኛው ሰፈር ሲወርድ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሟን ጠራ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው አለ፣ አለፈ። መፋቂያዬን ከአፌ ሳላወጣ ቆሜ ቀረሁ። እንባ ቶሎ አልመጣልኝም። መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ከድር፣ ምነው ቆምክ? ግባና ልበስ እንጂ» ስትለኝ እኔ የማስበው በምን ዓይኔ እዚያ ድንኳን ውስጥ እንደምቀመጥ ነበር።

ማን እንደነበረች ልንገራችሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቦንጋ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። እትዬ ዘነበች የክሊኒካችን የፅዳት ሠራተኛ ነበረች። የቅጥር ደብዳቤዋ የሚለው ይህን ነው። ደብዳቤው የማይለው ነገር ቢኖር ያለ እሷ ክሊኒኩ ዲዳ እንደነበረ ነው። የሚመጡልን ሐኪሞች የሌላ አገር ልጆች ናቸው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ይችላሉ። ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ ደግሞ የሚናገረው ካፊኖኖ ነው፣ አማርኛው እምብዛም ነው። እኔስ? እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨርቅ እየሸጠ ነው ያሳደገኝ፤ ካፊኖኖዬ «ስንት ነው? ቀንስ! አልቀንስም» ላይ ያልቃል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው አገር ላይ ኖሮ የሰውን ቋንቋ አለማወቅ ያሳፍራል። ይኼኛው ግን ትንሹ እፍረቴ ነው።

እናም በቀን አሥር ጊዜ «እትዬ ዘነበች!» ይባላል። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፋለች፣ እጇን በጋወኗ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፣ ትገባለች። ቆማ አታስተረጉምም። ወንበር ስባ ከበሽተኛው ጋር ጉልበት ለጉልበት ትቀመጣለች፣ እጁን ትይዛለች፣ ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞር ብላ «እሺ፣ በል» ትላለች። ሐኪሙ ማንም ይሁን ማን፣ ለእሷ «በል» ነው። የተቀጠርኩ ሰሞን በአክብሮት «እርስዎ» ብላት «አንተ የሱቅ ልጅ፣ ሁለተኛ አንቱ ካልከኝ መወልወያውን አስይዝሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ አንቺ አልኳት፣ እሷም ከድሬ አለችኝ።

አጭር፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ የዘገየች ይመስል እየቸኮለች የምትራመድ ሴት ነበረች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ምሕረት የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ግን ጆሮ ነበራት። ሐኪም አንዴ ያለውን አትረሳም፤ የሰማችውን ደግሞ በራሷ መንገድ አላምጣ ነው የምታቀርበው። አንድ ጊዜ ዶክተራችን፣ ወጣትና ዓይን አፋር ልጅ ነው፣ ለአንዲት ሴት «የማህፀን በር ካንሰር ምልክት አይተናል፤ ሕክምና አለው በያት» አላት። እትዬ ዘነበች ጀመረች። ትናገራለች፣ ሴትዮዋ ትጠይቃለች፣ እንደገና ትናገራለች። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። «እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ ያልኩት» አለኝ በጆሮዬ። «እየጨመረችበት እንዳይሆን!»

ጥርጣሬው ስላልለቀቀው ያው ሕመም ያለባት ሌላ ሴት በመጣች ቀን ካፊኖኖ የሚችል የላቦራቶሪ ባለሙያ ጥግ አስቀምጦ ያለችውን ሁሉ በአማርኛ አስጻፈ። ወረቀቱን እኔም አንብቤዋለሁ።

«ሥጋችን ልክ ያውቃል» ይላል። «ስትቆረጪ ይሞላል፣ ሲሞላ በቃኝ ብሎ ያቆማል። ካንሰር ማለት በቃኝ የማያውቅ ሥጋ ነው። ጎረቤት የላከብሽ አይደለም፤ ዓይንም ቡዳም አይደለም። የራስሽ ሥጋ ነው ልክ ያጣው። ካንሰር አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ከልጆችሽ ጋር ከአንድ ገበታ ብይ። ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የጡት አለ፣ የማህፀን በር አለ፣ የጉሮሮ፣ የጨጓራ፣ የአንጀት፣ የወንዶቹ የፕሮስቴት አለ፣ ልጆችንም የሚይዝ የደም ካንሰር አለ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየብቻ ነው። ያንቺው ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው፤ ገና በሩ ላይ ሳለ ከተያዘ ይድናል። ሕክምናውን ስሚኝ። ቢላዋው ያለበትን ቆርጦ ያወጣል። ኬሞ የሚሉት መድኃኒት በደም ገብቶ የሸሸውን ያሳድዳል፤ ያስመልስሻል፣ ፀጉርሽን ያረግፋል፣ ፀጉሩ ግን ይመለሳል። ጨረር የሚሉት ደግሞ ያለበት ቦታ ላይ ያነጣጥርና ያቃጥለዋል። ለአንዱ ሰው አንዱ ይበቃዋል፣ ሌላው ሦስቱንም ይፈልጋል። ላንቺ የትኛው እንደሚሆን የሚያዩት የጅማ ሆስፒታል ሐኪሞች ናቸው። ጠበልሽንም ጠጪ፣ መኪናውንም ተሳፈሪ። በይ አሁን ጠይቂኝ።»

ዶክተሩ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው። «እኔ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን አላየም።

አንዴ ደግሞ ክሊኒካችን የማህፀን በር ምርመራ በነፃ ይሰጣል ተብሎ አንድም ሴት ሳትመጣ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። እትዬ ዘነበች ጋወኗን እንደለበሰች ወጥታ ቆጮና ኮረሪማ የሚሸጡት ሴቶች መሃል ቆመች። «በኮምጣጤ ነው የሚያዩት!» ብላ ጮኸች፣ መጀመሪያ በካፊኖኖ፣ ቀጥላ በአማርኛ። «ኮምጣጤ ተቀብቶ የነጣ ነገር ካለ ይታያል፣ ይኸው ነው! ባሏን ያልፈራች ሴት ኮምጣጤ ትፈራለች?» ወንዶቹ አፈሩ፣ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አሥራ ምናምን ሴት አስከትላ መጣች፤ እነሱ እያዩ መጀመሪያ እሷ ገብታ ተመረመረች። ደህና ነበረች። እኔ ደጅ ቆሜ ካርድ ስጽፍ «ከድሬ፣ ዓይንህን ወደ ወረቀትህ!» ትለኛለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። መርዶ እንኳ ስናረዳ ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ከተኛ በኋላ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ለበሽተኛ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ሐኪሙ ውጤቱን ይይዝና በሽተኛውን «አንተ ውጭ ጠብቅ» ብሎ ልጁን ወይም ወንድሙን ያስገባል። ቤተሰቡ ይመክራል፣ ይወስናል። በሽተኛው «ጨጓራ ነው፣ ትንሽ ቁስል ነው» ተብሎ ቤቱ ይገባል። ይህን ማንም ክፋት አይለውም፤ ፍቅር ነው የምንለው። እትዬ ዘነበች ብቻ ናት ሌብነት የምትለው። «የሰውን በሽታ ሰርቀው ኪሳቸው ይከታሉ» ትል ነበር።

ከሺሺንዳ አንድ አዛውንት ንብ አናቢ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። ምግብ መዋጥ ካቃታቸው ቆይቷል፤ የጅማው ውጤት የጉሮሮ ካንሰር ነው፣ ገፍቷል ይላል። ልጆቹ እትዬ ዘነበችን ኮሪደር ላይ አቁመው እንዳትነግራቸው ለመኗት። እሷ አልፋቸው ሄደች። ገብታ ተቀመጠች፣ የሽማግሌውን እጅ ያዘች፣ ዶክተሩን «በል» አለችው፣ ያለውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቋት። ኋላ ምን አሉሽ ስላት «ማሩ እስኪቆረጥ እደርሳለሁ ወይ? አሉኝ» አለች።

ታላቁ ልጅ ግቢ ውስጥ ጠብቆ ፊቷ ላይ ተፋባት። ወላሂ ተፋባት፣ እኔ ቆሜ እያየሁ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ መወልወያዋ ተመለሰች። አዛውንቱ ማሩን አስቆርጠው፣ ቀፎውን ለልጆቻቸው ደልድለው፣ ለዓመታት ከተኳረፉት ወንድማቸው ጋር ታርቀው ነው የሞቱት። ይህን የነገረን ታናሹ ልጅ ነው። ታላቁ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል።

ያን ቀን ሻይ ስንጠጣ «ለምንድን ነው ግን እንዲህ የምትጨክኚው?» አልኳት።

«እናቴ ማህፀኗን አሟት ነው የሞተችው» አለች። «ካንሰር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። በየቀኑ 'ልጄ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚለቀኝ?' ትለኛለች። እኔ 'በቅርቡ' እላታለሁ። በመጨረሻው ሳምንት መጠየቅ ተወች። አየህ ከድሬ፣ እኔን መጠየቅ ነው የተወችው። ስድስት ልጆች ከበናት ብቻዋን ሞተች።» ሻይዋን ጨለጠችና ተነሣች።

ይህን ለእኔ ነው የነገረችኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ በሽተኛ የጠፋበት ቀን። «ከድሬ፣ ና እስኪ» ብላ ቁስል ማሸጊያው ክፍል ጠራችኝ። በልብሷ ላይ ግራ ጡቷን በጣቷ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ባቄላ የምታህል ነገር አለች። አታመኝም። አለማመሟን ነው ያልወደድኩት።» ዶክተሩ በመርፌ ናሙና ወስዶ ወደ ጅማ ላክነው። «ካንሰር ቢሆን እንኳ ገና ትንሽ ናት፤ በጊዜዋ ነው የመጣሽው» አላት። «እንግዲህ ውጤቱ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ ትነግሩኛላችሁ» አለች፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች። እሱ ግን ውጤቱ ሳይደርስ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። አዲስ ሐኪም እስኪመጣ ክሊኒኩ በእኔና በአንድ ጤና መኮንን እጅ ቀረ።

ፖስታው መስከረም ውስጥ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ። ከፈትኩት። ካንሰር ነው ይላል። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ኮሪደሩ ላይ በርከክ ብላ ከአግዳሚው ሥር ትወለውላለች። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አሥር እርምጃ ሄጄ፣ ወንበር ስቤ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጬ እጇን መያዝ ነበረብኝ። እንዴት እንደሚደረግ ስንት ዓመት ከእሷው አይቻለሁ። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለወንድሟ ደወልኩ።

ታናሽ ወንድሟ ጋሽ ገዛኸኝ ዋጫ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ የተማረ፣ የተከበረ ሰው። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ደረሰ። ክሊኒክ አልመጣም፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተገናኘን። ስነግረው አለቀሰ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «ምሕረት በጥር ታገባለች። አንድያ ልጇ ናት። እናቷ ይህን ከሰማች ሰርጉ ሰርግ አይሆንም። ደግሞ መስቀል ደረሰ። መስቀል ይለፍ፤ እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ እነግራታለሁ። ከድር፣ አንተ ልጇ ማለት ነህ፤ አደራ!»

«እሷ እኮ እንዲደበቃት አትፈልግም፣ ጋሼ» አልኩት። አልኩ ለማለት ያህል ነው። እውነቱን ልናገር፤ ሸክሙን ሌላ ሰው ስለተቀበለኝ ደስ ብሎኛል። ፊቷ ሲለወጥ ማየት ፈርቼ ነበር። እሱ ለመነኝ እንጂ አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ ልመናውን ምክንያት ያደረግኩት።

በማግስቱ ጠየቀችኝ።

«መጣ?»

«መጣ።»

«እህስ?»

«የስብ እብጠት ነው አሉ፣ እትዬ። ምንም አይደል።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ክኒን መቁጠር ጀመርኩ። ቫይታሚንና የሕመም ማስታገሻ በላስቲክ አድርጌ ሰጠኋት፤ ለስብ እብጠት ቫይታሚን! ሌላ ሰው ቢሰጣት ትስቅበት ነበር። «ምነው ፊትህ? አልሃምዱሊላህ በል እንጂ!» አለችኝ እየሳቀች። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ። በውሸት ላይ የፈጣሪን ስም ጠራሁ። በሳምንቱ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዛልኝ መጣች። «የምሥራችህ ነው» አለች። ብመልሰው ትጠረጥራለች ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ወስጄ ከልጆቼ ጋር በላሁት።

መስቀል አለፈ። ደወልኩ። ጋሽ ገዛኸኝ «ሰርጉ እኮ እየደረሰ ነው» አለኝ። አንዳንዴ ስትወለውል ቆም ብላ ግራ ደረቷን ጫን ታደርጋለች። «ይቺ ስብ አትቀልጥም እንዴ?» ትለኛለች። «ጊዜ ትወስዳለች» እላታለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፣ እሷም ለበሽተኛ ሁሉ የምትለው ነው። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው፤ በሽታውን ስለደበቁበት ሰዎች ምንም አይልም።

ኅዳር ላይ እንደገና ደወልኩ። «ጋሼ፣ አሁን ካልሄደች ይዛመታል። ዛሬ እነግራታለሁ» አልኩት። «አሁን ብትነግራት እስካሁን ለምን ደበቃችሁኝ አትልም?» አለኝ። ትላለች። እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ስልኩን ዘጋሁት፣ ሳልነግራትም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በጥር ምሕረት ተዳረች። እትዬ ዘነበች ያን ቀን የጨፈረችውን ጭፈራ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔን ከተቀመጥኩበት ጎትታ መሃል አስገባችኝ፣ «የሱቅ ልጅ ትከሻ የለውም!» እያለች ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ጋሽ ገዛኸኝ ከሩቅ ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ አየህ አይደል እንደማለት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ያን ቀን ልክ የሠራን መስሎኝ ኮርቻለሁ። ከሰርጉ በኋላ ደግሞ መልሱ ይለፍ ተባለ።

የካቲት ላይ አዲስ ሐኪም መጣልን፣ ሴት ናት። በመጣች በሳምንቱ ከማንኪራ አንዲት ወጣት እናት ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ መጣች። እኔ ደም ግፊት ልለካ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። እትዬ ዘነበች እንደ ልማዷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። «እሺ፣ በይ» አለች።

«እብጠቱ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ሲነኩት ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል?» አለች ዶክተሯ። «ባያምም ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ንገሪያት።» እትዬ ዘነበች ተረጎመች። «ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ብሏል? ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቧል?» ተረጎመች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ብብቷ ሥርስ የምትዳሰስ ነገር አለች?»

እዚህ ላይ መተርጎሟን አቆመች። አንድ እጇ የሴትዮዋን እጅ እንደያዘ ነው። ሌላው እጇ ወደ ራሷ ብብት ሄደ፣ እዚያው ቆየ።

«አልገባትም?» አለች ዶክተሯ።

«ገብቷታል» አለች እትዬ ዘነበች። ከዚያ ተረጎመችው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ተረጎመች። ካንሰር ሊሆን እንደሚችል፣ በጊዜ ከተያዘ እንደሚድን፣ በማግስቱ ጅማ መሄድ እንዳለባት ነገረቻት። ማንም ይሁን ማን፣ ባልሽም ወንድምሽም ቆዪ ቢሉሽ እንዳትሰሚ ብላ የጨመረችውን ዶክተሯ አላለችውም፤ ኋላ ከሴትዮዋ ነው የሰማሁት።

ሴትዮዋ ወጣች። እትዬ ዘነበች ከወንበሩ አልተነሣችም።

«ከድሬ፣ ወረቀቱ የት ነው?»

«የቱ ወረቀት?» አልኩ።

ይህን ማለቴን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። በዚያ ሰዓት እንኳ ልዋሽ ነበር። እሷ እጇን ዘረጋችልኝ። ክፍሌ ሄጄ ከመስከረም ጀምሮ ከደበቅኩበት መሳቢያ አመጣሁት። ተቀብላ ለዶክተሯ ሰጠቻት። «እሺ፣ በይ» አለቻት። ዶክተሯ አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ነገረቻት። ስትነግራት የእትዬ ዘነበችን እጅ የያዘ ሰው አልነበረም፤ እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። «ያኔ ምን ያህል ነበረች?» አለቻት ዶክተሯ። «ባቄላ» አለች። «አሁንስ?» እትዬ ዘነበች የጋወኗን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። እኔ ወጣሁ።

ጅማ ሄደች። ጉበቷ ላይ ደርሷል አሉ። በመስከረም ቢሆን እብጠቱ በቀዶ ጥገና ወጥቶ፣ ኬሞው ተከትሎ፣ የመዳን ዕድሏ ብዙ ነበር። አሁን መቁረጡ አይፈይድም፤ ኬሞው ዕድሜ ለመጨመርና ሥቃይ ለማስታገስ ብቻ ነው። ስድስት ጊዜ ተመላልሳ ወሰደች። አቅም ባገኘች ቁጥር ክሊኒክ እየመጣች ታስተረጉም ነበር፤ መወልወያውን ሌላ ሰው ይዞታል። ኬሞ የፈራ በሽተኛ ሲያጋጥማት ሻሿን ፈታ መላጣዋን ታሳየዋለች። አንዷን ሴት «ነይ ንኪው፣ አይናከስም» ስትላት ሰምቻለሁ።

እኔን አንድም ቀን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንቱ አለችኝ። «ነርስ ከድር፣ እስኪ ካርዱን ያምጡልኝ።» «ነርስ ከድር፣ የዚህችን ሴት ደም ግፊት ይለኩላት።» በሽተኛው አክብሮት ይመስለዋል። አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ ኮሪደሩ ላይ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

«ይተዉ» አለችኝ። «እኔም እናቴን እንደርስዎ አድርጌያታለሁ፤ አልፈርድብዎትም። ግን እኔ ሰው አለኝ ብዬ ነበር።»

ወደ ክፍሉ ገባች፣ ወንበር ስትስብ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልመጣችም።

ለቅሶው ላይ ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጥግ ልይዝ ስል ጋሽ ገዛኸኝ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ቆይቶ የማንኪራዋ ሴት መጣች። የያኔዋ በሽተኛ መሆኗን ያወቅኩት ሰላም ስትለኝ ነው፤ ወፍራለች። በተነገራት በወሩ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጥቶ፣ ኬሞዋንም ጨርሳለች። ክሊኒክ ስለምታውቀኝ አጠገቤ ተቀመጠች። እንደ መንገድ ሰው ሳይሆን እንደ እናቷ ነው ያለቀሰችላት። እንባዋን ጠረገችና በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀችን።

«እኔን ነገረች፣ ዳንኩ። ሁሉን ሰው ነገረች። እሷ እዚያው ስትሠራ ስትውል፣ እንዴት ሳታውቅ ቀረች?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለ ጋሽ ገዛኸኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቢሆንም የልጇን ሰርግ በደስታ አይታለች፣ ጨፍራለች። ለዚህ ደግሞ ይህ ልጅ፣ ከድር፣ ውለታው አለብን። የሃይማኖት ልዩነት ሳይገድበው እንደ ልጅ ሆኖላታል። ፈጣሪ ይባርክህ!»

«ይባርክህ! ይባርክህ!» አለ ድንኳኑ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። አፌ ለአሜን ተከፍቶ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። «ካንሰር እንደሆነ ከመስከረም ጀምሮ አውቅ ነበር። ወረቀቱ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጠየቀችኝ፤ ደህና ነሽ አልኳት። ያኔ ብነግራት ትድን ነበር።»

 «ከድር፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ ጋሽ ገዛኸኝ፣ በሹክሹክታ፣ ከዚያ አቀረቀረ። ሽማግሌው እጄን ለቀቁኝ። የማንኪራዋ ሴት ያልኩት ሁሉ ገብቷት እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁ። ገብቷታል።  ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ከአጠገቤ ተነሣችና ድንኳኑን አቋርጣ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠች። ለቅሶ ደራሽ እየመጣ ሲሄድ፣ ቦታ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ሲያስተዛዝን፣ እሷ የተነሣችበት ቦታ ላይ እስክወጣ ድረስ ማንም አልተቀመጠም።